የማይወዛወዝ ጠረጴዛ ፍለጋ

ኅዳር 9 ቀን 2018፤ ካርቱም፣ ዴም

በነጭ ዓባይም በጥቁር ዓባይም ዳር ለምትገኙ፣ ለወዳጅም ለጠላትም ይድረስ። በአቶ ገዛኸኝ ግቢ የሥራ ጠረጴዛ ሆኖ ሲያገለግል የቆየው የፍሪጅ በር ዛሬ ረፋድ ላይ ከተቀመጠባቸው ሁለት በርሜሎች ወድቆ ከዚህ ዓለም ድካም አርፏል። በአደጋው አንድ የሻይ ብርጭቆ ወዲያው ሲሞት አንድ መላጊያ ቀላል ጉዳት ደርሶበታል። ድንኳን አይጣልም፤ ሸራው ተዘርፏል።

ይህን መግለጫ የልጅ ልጄ ይመኙሻል ከሥራ ስትመለስ ቆሜ አነበብኩላት። ነርስ ናት። ሶባ ካለው ሆስፒታል በሐፍላ አውቶቡስ ስትንገላታ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ሰማችኝ። አልሳቀችም። «አባባ፣ ማን ጣለው?» አለች። ነፋስ ነው አልኳት። ወደ ኒሙ ዛፍ ቀና ብላ አየች። ቅጠሉ አይንቀሳቀስም ነበር። ነፋስ እንደሆነ አላፊ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጦርነቱ ሸሽተን ገዳሪፍ ቆይተን ስንመለስ የግቢያችን በር ከነመቃኑ ተነቅሎ ሄዷል። በፋንታው ብርድ ልብስ ሰቅለናል። ይመኙሻል በር እንግዛ ስትለኝ «አናጢ በር ከገዛ ቄስም ጸሎት ይግዛ!» ብዬ ፎከርኩ። ምን አስፎከረኝ! «ታይብ» አለች፣ «እንግዲያው ሥራ። እስከ ገና በር ካቆምክ እዚሁ እንኖራለን። ካላቆምክ ኸላስ፣ ጎንደር እንሄዳለን። አንተን ብርድ ልብስ ውስጥ ትቼ ሶባ መዋል አልችልም።» አንቱታ አታውቅም። ዴም ተወልዳ ዴም ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ እንደ ዴም መንገድ ጉድጓድ ይበዛዋል።

ጎንደር ምን አለኝ? የምተርበው ሰው ሁሉ ሞቶ አልቋል። አዲስ ሰው ለመተረብ ደግሞ ስንት ዓመት አብሮ መኖር ይጠይቃል! እዚህ ከጎረቤቴ ከሐጃ ሁስና ጀምሮ እስከ ውሃ አመላላሹ ድረስ የስድብ ደንበኛ አለኝ።

ስለዚህ በር ያስፈልጋል። ለበሩ ደግሞ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። የማይወዛወዝ ጠረጴዛ።

ኅዳር 13

ሱቅ ዐረቢ፣ ገበያው። ግማሹ ተቃጥሏል፣ ግማሹ ይነግዳል። የብረት ጠረጴዛ አየሁ። በመዶሻ ስነካው ይጮኻል። መጋዝ ሳሳርፍበት ተንቀጠቀጠ።

«ይወዛወዛል» አልኩት ሻጩን።

ሻጩ ጠረጴዛውን አየ፣ እኔን አየ። «መዓሊሽ ዓም፣ መሬቱ ይሆናል» አለኝ። የቆምነው ሲሚንቶ ላይ ነበር። ትሑት ልጅ ነው፣ ያሳድገው።

ኅዳር 18

ኦምዱርማን ውዬ መጣሁ፤ ሻምበል ዘንድ። ሻምበል ስሙ ነው እንጂ የሚታዘዘው ለሚስቱ ብቻ ነው። በደርግ ጊዜ አብረን ተሰድደን፣ ከዚያ ወዲህ ስንሰዳደብ የኖርን አናጢዎች ነን። ሁለት የሥራ ጠረጴዛ ስላለው አንዱን ውሰድ አለኝ። ማሆጋኒ ነው፤ ከሻምበል ጭንቅላት ቀጥሎ እንደሱ ወፍራም ነገር አላየሁም። ሞርሳውም ደኅና ይነክሳል።

«እንፈትነው» አልኩ።

ብርጭቆ ውሃ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ውሃው እንደ መስተዋት ረጋ። መጋዙን አንሥቼ ጣውላው ላይ ሳሳርፍ ውሃው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ይኸውልህ! ይወዛወዛል።»

ሻምበል መጋዙን ከእጄ ወስዶ ጣውላውን እስከ መጨረሻው ቆረጠው። ውሃው ጠብ አላለም።

«አንተን ለምዶህ ነው» አልኩት። «እንደ አህያ ነው፤ ጌታውን ያውቃል።»

«ገዛኸኝ…» አለና ተወው። ሻምበል ተሰድቦ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም። ሳያመው አይቀርም።

ጓሮ ሄጄ ስታጠብ ስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «ጠረጴዛው አይደለም፣ ልጄ፤ ይመኙዬ። ጠረጴዛውስ ደኅና ነበር።» ምኑ ነው ታዲያ? አልጠየቅኩም። የሰው ስልክ ማዳመጥ ነውር ነው።

ኅዳር 20

ከእንግዲህ ሻይ በግማሽ ብርጭቆ ይቀዳልኝ ብያለሁ። ጾም ገብቷል። ሙሉ ብርጭቆ ስስት ነው።

ኅዳር 25

ተገኘ!

ለሻምበል «ጠረጴዛህን አልፈልግም» ልለው ኦምዱርማን ሄጄ ቤቱ ሳልደርስ ቀረሁ። ገበያው ጫፍ ላይ ማገዶ ሻጭ መጥረቢያውን አንሥቶ አንድ አንገሬብ ሊፈልጥ ሲል ደረስኩ። አንገሬብ የሱዳኖች የገመድ አልጋ ነው። የዚህኛው ገመድ አልቆ አጽሙ ብቻ ቀርቷል፤ ግን ምን ዓይነት አጽም! ሦስቱ እግሮች ደንዳና የሰንጥ እንጨት፣ አራተኛው በኒም የተተካ። አንድ ጊዜ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። የጎን እንጨቶቹ ከእግሮቹ አልፈው በሁለቱም ጫፍ ወጥተዋል። የሠራው ሰው መቁረጡን ረስቶታል። ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ምሳ ይሄዳል!

«ያላ ዓም፣ ማገዶ ትወስዳለህ?»

«ይህን ከፈለጥክ በጥፊ ነው የምልህ» አልኩት። ሳቀና የአህያ ጋሪ፣ ካሮው ላይ ጫነልኝ።

ዝቅ ያለ ነው፤ ገላገለኝ። ላዩ ላይ ሁለት ወፍራም ጣውላ አስተኝቼ፣ እንደ ልጅነቴ ተቀምጬ፣ እንጨቱን በጉልበቴ ይዤ እሠራለሁ። ቁመን ካልሠራን ያለው ማነው?

ድልድዩ ላይ ፍተሻ አለ። ወታደሩ ካሮውን አስቆመ።

«ዕቃው የማን ነው? ወረቀቱስ?»

«ማገዶ ነው ልጄ። ለአህያው ከሆነ ግን ፓስፖርት እናወጣለታለን።»

አልሳቀም። የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን ተቀብሎ አገላበጠ። ከዚያ ወረቀቱን ሳይሆን ወረቀቱን የሰጠሁበትን እጅ ማየት ጀመረ።

«ለምን ትንቀጠቀጣለህ፣ ያ ሐጅ? ምን ፈራህ?»

«ብርድ ነው» አልኩትና ላቤን ጠረግኩ።

ከኋላችን መኪናው ሁሉ ጥሩንባ ሲነፋበት ለቀቀን። ይህን ለይመኙሻል አልነገርኳትም።

ኅዳር 28

አይወዛወዝም! የተረፈውን አረንጓዴ ቀለም ላግኩት። ትርፍ የነበሩትን አራት ጫፎች ቆርጬ ጣልኩ። የበሩን ሁለት ረጃጅም ቋሚዎች ጀምሬአለሁ። ክርኔን ጭኔ ላይ አስደግፌ ስሠራ መላጊያው እንደ ድሮው ይሄዳል። ይህን ያልኩት ጠረጴዛው ጥሩ ስለሆነ ነው።

ይመኙሻል ቆማ አየችኝ። «ማብሩክ አባባ» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፦ «ወረቀት አለህ? የገዛህበት?»

«ለማገዶ ወረቀት?»

ራሷን ነቅንቃ ገባች።

ታኅሣሥ 2

ይመኙሻል ሐፍላ ላይ ሰማሁ ብላ የነገረችኝ፦ ከሰፈራችን ወዲያ አንድ ሰው ቤት የሌላ ሰው ዕቃ ተገኝቶ ወስደውታል። የውጭ አገር ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። «ከሻም ሊኖር ነው ይላሉ፤ ኢቃማ ያለውንም የሌለውንም እያፈሱ ነው አሉ» አለችኝ።

አሉ፣ አሉ። የሐፍላ ወሬ ነዳጅ አይፈልግም።

ብርድ ልብሱን በምስማር አጠበቅኩት።

ታኅሣሥ 4

ምን ብዬ ልጻፍ።

ሐጃ ሁስና መጣች። ወንድሟ በትኩሳት ተይዞ ከተኛ ሰንብቷል፤ ይመኙሻል ጉሉኮሱን እንድታይላት ልትጠራት ነው የመጣችው። እኔም እንደ ልማዴ «ሐጃ፣ ባል ፍለጋ ከሆነ ዛሬ ሥራ ይዣለሁ» አልኳት። እሷም እንደ ልማዷ «አንተን ከማገባ ካሮ የሚጎትተውን አገባለሁ» ልትለኝ አፏን ከፈተች። ከፍታ ቀረች።

የምታየው መሬቱ ላይ የተበተነውን አረንጓዴ ፍቅፋቂ ነው። ከዚያ ዓይኗ ወደ እግሮቹ ሄደ፤ የኒሙ እግር ላይ ቆመ። ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው።

«ዓም ገዛኸኝ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ከኦምዱርማን፤ ማገዶ ነበር።»

«ይሄን እግር የተካው ወንድሜ ነው። አንገሬቡን ለመስጊድ ያሠራው አባቴ ነው። የጀናዛ አንገሬብ ነው፤ የሬሳ መሸከሚያ። አባቴን ራሱን ተሸክሞት ሄዷል።»

አርባ ዓመት እዚህ ኖሬ ስንት ጀናዛ ከኋላ ተከትያለሁ! እነሱ ሲሸከሙ እኔ እንደ ክርስቲያንነቴ ጥቂት ራቅ ብዬ እሄዳለሁ። ከጨርቁና ከሰዉ ሥር ያለውን እንጨት አንድ ቀን ቀርቤ አላየሁትም። እነዚያ «ትርፍ» ያልኳቸው ጫፎች የትከሻ መሸከሚያ ናቸው። የሠራው ሰው የረሳው ነገር የለም። የረሳሁት እኔ ነኝ፤ መጠየቅ።

ሐጃ ሁስና የተቆረጠውን ጫፍ በጣቷ ነካችው። ሳትሰናበተኝ ዞራ ሄደች።

ታኅሣሥ 6

ውሃ አመላላሹ ዛሬ «ሰላም ዓም» አላለኝም። ወይም ብሎኝ አልሰማሁም።

መጋዝ አልነካሁም።

ታኅሣሥ 9

ልመልሰው አሰብኩ። በጨርቅ ሸፍኜ ጎትቼ እስከ ብርድ ልብሱ ወሰድኩት። ከዚያ ምን እላለሁ? «ይኸው የመስጊዳችሁ ንብረት፤ ቀለሙን ላግኩት፣ እጁንና እግሩን ቆረጥኩት፣ ሰላም ዋሉ»? ደግሞስ በአደባባይ የተዘረፈ ዕቃ ተሸክሞ ለታየ ሐበሻ ማን ያስረዳለታል? መለስኩት።

ሞኝ። ሽማግሌ ሞኝ። አፍህ እንደሚቀድመው ሁሉ እጅህም ቀደመ። አንድ ጊዜ ብቻ «ሁስና፣ ይሄ ምንድነው?» ብትላት ምን ነበረበት? ለመተረብ ስንት ጊዜ ጠርተሃታል፣ ለመጠየቅ ግን ከበደህ።

ታኅሣሥ 12

ይመኙሻል ማታ ማታ የሁስናን ወንድም እያየች ትመጣለች። «እንዴት ናት?» አልኳት። «የታመመው እሱ ነው አባባ» አለችኝ።

«ስለኔ ምን አለች?»

«ምንም።»

ምንም ማለት ብዙ ነገር ነው። በሰላሙ ጊዜ ስለኔ ምንም ሳትል የዋለችበት ቀን የለም፤ ትሰድበኝ ነበር።

የበሩን ቋሚዎች ግን ጨረስኩ። ሁለት ቀጥ ያሉ፣ ረጃጅም፣ የሚያማምሩ። የቀረኝ ማገጣጠም ነው። ለመገጣጠሚያው መሮ ያስፈልጋል፤ መሮው ግን ዛሬ ሁለት ጊዜ ስቶ ጣቴን አገኘው። መሮው ደንዟል።

ታኅሣሥ 15

ወሰነች። በሩም አልደረሰ፣ ሰውም ዓይኑን አዙሮብናል። «ቅዳሜ ጠዋት የገዳሪፍ አውቶቡስ አለ። ከዚያ መተማ። ኸላስ አባባ፣ ከገና በፊት ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን እፈራለሁ።»

ብዙ ቀልድ ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝም።

ልብሳችንን በአንድ ብርድ ልብስ ጠቅልላ በጠንካራ ገመድ ዙሪያውን አሰረችው። ስታስር ሁለቴ ፈትታ ደገመችው፤ እኔ «ልርዳሽ» ብዬ ገመዱን ስይዝላት ሳይጠብቅ ቀርቶ ነው። «ተወው አባባ» አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 17፤ ዓርብ

ጎህ ሲቀድ ከሁስና ቤት ጩኸት ተሰማ። ወንድሟ አርፏል። ይመኙሻል ነጠላዋን አንሥታ ሮጠች።

እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ልሂድ ብዬ ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ። በምን ፊት? ከዚያ የብዙ ሰው እግር ወደ እኛ ሲመጣ ሰማሁ። ብርድ ልብሱ ተገለጠ። ወደ አሥር የሚሆኑ የሰፈሩ ወንዶች ናቸው፤ ከፊት የመስጊዱ ሼኽ። ጠረጴዛዬ፣ ማለቴ አንገሬቡ፣ ግቢው መሐል ተገትሯል። መሸሸጊያ የለውም፣ እኔም የለኝም። አለቀ አልኩ በልቤ። ኢቃማዬን ከኪሴ አወጣሁ።

ሼኹ ኢቃማውን አላየውም። «ዓም ገዛኸኝ» አለኝ፣ «ጨረስከው?»

«ምኑን?»

«አንገሬቡን። ሁስና ነገረችን። ከማገዶ አስጥለህ እያደስክልን ነው ብላለች። በሰፈሩ የቀረ ሌላ የለም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንቀብራለን፤ ይደርሳል ወይ?»

ወንድሟ ቤት ውስጥ ተዘርግቶ፣ ያቺ ሴት እኔን ለመሸፈን ቃል አገኘች። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልታስይዘኝ ነው ብዬ ነበር። አንድ ነገር ማለት ስለነበረብኝ «ጨርሻለሁ ማለት ይቻላል» አልኩ። ጫፎቹ የተቆረጡትን አንገሬብ ከበው አዩት። አንዱ ሊናገር ሲል ሼኹ በዓይኑ ያዘው።

መሸከሚያ ያስፈልጋል። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ የማይሰበር። በግቢው ውስጥ እንዲህ ያለ እንጨት ሁለት ብቻ ነው ያለው፤ ግድግዳው ጋ ተደግፈው ነበር፣ የበሩ ቋሚዎች። ከአንገሬቡ ይረዝማሉ፤ በጎንና በጎኑ ቢታሰሩ በሁለቱም ጫፍ ለትከሻ የሚበቃ ይተርፋል። አነሣኋቸው። ይመኙሻል በዚያን ጊዜ ተመልሳ ብርድ ልብሱ ሥር ቆማ ነበር። በሩ መሆናቸውን ታውቃለች። አየችኝ፤ አየኋት።

«ያላ» አልኳቸው ወንዶቹን፣ «ቆማችሁ የምታለቅሱት በኋላ ነው። ያዙ!»

ሁለቱ በዚህ ጫፍ፣ ሁለቱ በዚያ ጫፍ ያዙ። መሰርሰሪያውን ለአንዱ ሰጠሁት፣ እኔ የት እንደሚበሳ አሳየሁ። ብሎኖቹን ራሴ አጠበቅኩ። ሰው ሁሉ እጄን ያያል። የመጨረሻውን ብሎን ሳጠብቅ እጄ እንደ ድንጋይ ረግቶ ነበር።

ገመድ አልነበረም። አንገሬብ ያለ ገመድ ምንም ነው። አንዱ ከገበያ ላምጣ አለ፤ ዓርብ ነው፣ ገበያው ተዘግቷል። ሰዓቱ ይሄዳል። ያኔ ይመኙሻል ማንም ምንም ሳይላት ወደ ውስጥ ገባች። ስትወጣ የያዘችው የጓዛችንን ገመድ ነው። ልብሳችን ወለሉ ላይ ተበትኖ ቀርቷል። ገመዱን ለሼኹ ሰጠችው፤ ሽማግሎቹ ተቀብለው እንደ ድሮው አድርገው ወጠሩት። እኔም «ላላ ብሏል! ሟቹ መሬት ሊነካ ነው!» እያልኩ ጮኽኩባቸው። አንዱ ሽማግሌ «ይሄ ሐበሻ በጀናዛም አያርፍም» አለ። ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሲወጣ ከኋላ ተከተልኩ። ቀብር ደርሰን ስንመለስ ሐጃ ሁስና በሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ነበር። እጄን ዘርግቼ እንደ ለቀስተኛ ሁሉ «አል በረከ ፊኩም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«አረንጓዴ ቀለም ትቀባዋለህ» አለችኝ።

«እቀባዋለሁ።»

«ራስህን እንዳትቀባ ብቻ።»

ስድቡን ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ።

አሁን ይህን ስጽፍ ይመኙሻል ልብሳችንን ከወለሉ እየለቀመች ምስማር ላይ ትሰቅላለች። ስለ አውቶቡሱ ያነሣ የለም።

«እሑድ ሥራ እገባለሁ» አለችኝ ድንገት፣ «ሐፍላው ሳይሞላ ቀስቅሰኝ።»

«በሩስ?»

«ለሻምበል ደውዬለታለሁ። ጠረጴዛውን በካሮ ጭኖ ይመጣል። እሱ ይቆርጣል።»

«እኔስ?»

«አንተ ትሰድበዋለህ።»

አሰብኩበት። ጥሩ የሥራ ክፍፍል ነው።

ደብተሩን ከመዝጋቴ በፊት አንድ ነገር ላርም። ከላይ እንደ ድንጋይ የረጋ እጅ ነበረኝ ብዬ ጽፌአለሁ። ያን ፈጥሬው ነው። የኔ እጅ ከጠረጴዛም፣ ከመሬትም፣ ከነፋስም ጋር ምንም ሳይገናኝ በራሱ ይንቀጠቀጣል፤ ከክረምት ጀምሮ። ብሎኑ ሦስት ጊዜ ከጣቴ ወደቀ። በሦስተኛው ይመኙሻል ከሰዉ መሐል መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች፤ ምንም ሳትል እጇን በእጄ ላይ ጭና ይዛኝ፣ አብረን አጠበቅነው። የረጋው የሷ ነው።